«ኢዝ»ን ለምን እንሰርዛት? የእንግሊዝኛ ግሶቻችሁን ቀይሩ ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ለስኮላርሺፕ የምታስገባውን ደብዳቤ እንዳርምላት ላከችልኝ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ማይ ፋዘር ፋንክሽንስ አዝ ኤ ፋርመር» ይላል። ደወልኩላት። «አባትሽ ምን ይሠራሉ?» አልኳት። «ገበሬ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። በአማርኛ ሁለት ቃል በቃት። በእንግሊዝኛው ግን አባቷን ከሰው ወደ ዕቃ አወረደቻቸው። «ፋንክሽን» የሚለው ግስ የሚስማማው ለማሽን፣ ለመሥሪያ ቤት፣ ለኩላሊት ነው። ለምን እንዲህ እንደጻፈች ስጠይቃት አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ።

ጽሑፉ ሰሞኑን ተማሪዎች ሲቀባበሉት የከረመ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ኢዝ»፣ «አር»፣ «ዋዝ»፣ «ሲም»፣ «ቢካም» የመሳሰሉት ሊንኪንግ ቨርቦች (ባለቤቱን ከመግለጫው ጋር የሚያያይዙ ግሶች) የሞቱ ቃላት ናቸው። ጎበዝ ጸሐፊ አይነካቸውም። ዓረፍተ ነገሩን ፓሲቭ (ባለቤቱ ድርጊቱን የሚቀበልበት) ያደርጉታል። ፈታኞች ነጥብ ይቀንሱባቸዋል። የእንግሊዝኛ ምሁራንም ያለ እነሱ መጻፍ እንደሚሻል አሳይተዋል። እኛ ደግሞ ከአማርኛ «ነው ነው» ማለት ስለለመድን በሽታው ይብስብናል። መድኃኒቱም ከሥር በሰንጠረዥ ተቀምጧል፦ «ኢዝ» ባያችሁ ቁጥር «ሰርቭስ አዝ»፣ «ሪፕሪዘንትስ»፣ «ኮንስቲቲዩትስ» ወይም «ፋንክሽንስ አዝ» አድርጉት ይላል።

ጸሐፊው የጻፉት ለተማሪ አስበው መሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። አንድ ነገርም ልክ ናቸው፦ ገጹን ሙሉ በ«ኢዝ» የታጨቀ ጽሑፍ ያታክታል። ነገር ግን ምክንያቱን ስተውታል፤ ምክንያቱ ሲሳት ደግሞ መድኃኒቱ ይጎዳል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ። የእንግሊዝኛውን ምሳሌዎች በእኛው ፊደል አስፍሬያቸዋለሁ። ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፤ የዓረፍተ ነገር ጤና ከዓይን ይልቅ ለጆሮ ይሰማል።

«ኢዝ የሞተ ቃል ነው» ከሚለው ልነሳ። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ሃያ ሦስተኛውን መዝሙር የሚጀምረው «ዘ ሎርድ ኢዝ ማይ ሼፐርድ» ብሎ ነው። እኛ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የምንለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕዝብ ከአራት መቶ ዓመት በላይ በለቅሶም በሠርግም ይህን ዓረፍተ ነገር ሲል ኖሯል። መሐሉ ላይ ያለችው ግስ «ኢዝ» ናት። ደግሞ ልብ በሉ፣ በዕብራይስጡ ይህች ቃል የለችም። ዕብራይስጡ «እግዚአብሔር እረኛዬ» ብሎ ያቆማል። ተርጓሚዎቹ እንግሊዝኛው ያለ እሷ ስለማይቆም ጨመሯት። ዛሬም ብዙዎቹ የዚያ ትርጉም ቅጂዎች የተጨመረች መሆኗን ለማሳየት ዘመም ባለ ፊደል ያትሟታል። የሞተ ቃል ማንም ለፍቶ አይጨምርም።

ይህ መዝሙር ሌላም ነገር ያስተምረናል። የግእዙ ዳዊት የተተረጎመው ከግሪኩ ነው፤ ግሪኩም ግእዙም እዚህ ቦታ ላይ «ነው» አይሉም። ግእዙ «ይሬዕየኒ» ይላል፤ እረኛ ሆኖ ይጠብቀኛል እንደማለት። አንድ የተግባር ግስ ሙሉውን ሐሳብ ተሸከመ። ጸሐፊው የሚመክሩት ዓይነት አጻጻፍ ማለት ነው፣ በጣምም ያምራል። ግን አማርኛው «እረኛዬ ነው» በማለቱ የጎደለበት ነገር አለ? የለም። ግእዙ ሥራውን ይነግረናል፤ አማርኛው ማንነቱን ይነግረናል። ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የትኛውን ማለት እንደፈለገ የሚያውቀው የሚጽፈው ሰው ራሱ ብቻ ነው፤ ሰንጠረዥ ሊወስንለት አይችልም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ሊንኪንግ ቨርብ ዓረፍተ ነገሩን ፓሲቭ ያደርገዋል የሚለው፣ በቀጥታ ስህተት ነው። «ኢዝ» በእንግሊዝኛ ሦስት ዋና ሥራ አላት። «ሺ ኢዝ ኤ ነርስ» ስንል ሁለት ነገር ታያይዛለች፤ ሊንኪንግ ቨርብ የምትባለው እዚህ ጋ ብቻ ነው። «ሺ ኢዝ ራይቲንግ» ስንል ረዳት ግስ ናት፤ ድርጊቱ በመካሄድ ላይ መሆኑን ታሳያለች። «ዘ ሌተር ኢዝ ሪተን» ስንል ደግሞ ፓሲቩን ትሠራለች፤ ደብዳቤው ይጻፋል ወይም ተጽፏል እንደማለት። ስሟ አንድ ስለሆነ ሥራዋ አንድ አይደለም። ጸሐፊው «እነዚህን አጥፉ» ብለው ካቀረቧቸው ምሳሌዎች አንዱ «ሂ ዋዝ ራኒንግ» ነው። ይህ ፓሲቭም ሊንኪንግም አይደለም፤ ሰውየው እየሮጠ ነበር። ይህን የተከተለ ተማሪ ደህናውን የግስ ጊዜ ያበላሻል።

በዚህ አጋጣሚ ሊንኪንግ ቨርብን ከተግባር ግስ የሚለይ ቀላል ዘዴ ልንገራችሁ። በግሱ ቦታ «ኢዝ»ን አስገቡ። «ዘ ኮፊ ቴስትስ ቢተር» የሚለው «ዘ ኮፊ ኢዝ ቢተር» ሲሆን ትርጉም ይሰጣል፤ ስለዚህ «ቴስትስ» እዚህ ሊንኪንግ ነው። «ሺ ቴስትስ ዘ ሶስ» ግን «ሺ ኢዝ ዘ ሶስ» ሊሆን አይችልም፤ ሴትዮዋ ወጡን ቀመሰች እንጂ ወጡን አልሆነችም። ጥቅሙ የሚታየው ቀጥሎ ባለው ቃል ላይ ነው። ከሊንኪንግ ቨርብ ኋላ ቅጽል ይመጣል፤ «ቢተር» እንጂ «ቢተርሊ» አይባልም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ፣ ወደ ሰንጠረዡ እንምጣ። ልጅቷን የጎዳት እሱ ስለሆነ እዚህ ትንሽ እቆያለሁ።

«ሰርቭስ አዝ» የሚባለው አንድ ነገር ወይም ሰው አንድን አገልግሎት ሲሰጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዋና ማንነቱ ውጭ። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስለሌለው መመገቢያው አዳራሽ ሆኖ ያገለግላል ስንል «ሰርቭስ አዝ» ቦታውን አገኘ። «አዲስ አበባ ሰርቭስ አዝ ዘ ካፒታል ኦቭ ኢትዮጵያ» ስንል ግን ሰዋስዉ ባይሳሳትም ዋና ከተማነቱ የተዋሰችው ሥራ ይመስላል። «ኢዝ» ቢሆን ማንም ቆሞ አያስብበትም ነበር።

«ሪፕሪዘንትስ» መወከል ነው። ካርታ ላይ ያለች ሰማያዊ መስመር ወንዝን ትወክላለች። ጠበቃ ደንበኛውን ይወክላል። «ጤፍ ሪፕሪዘንትስ ኤ ግሬይን» ካላችሁ ግን ጤፍ እህልን የሚወክል ምልክት ሆነ። ጤፍ ምንም አይወክልም፤ እህል ነው።

«ኮንስቲቲዩትስ» ክፍሎች ተሰብስበው ሙሉ ነገር ሲሠሩ ይስማማል። የእኛ ዓመት አሥራ ሦስት ወር አለው፤ «ሰርቲን መንዝስ ኮንስቲቲዩት ዘ ኢትዮጵያን ይር» ማለት ይቻላል። በሕግ ጽሑፍም አንድ ድርጊት ወንጀል ይሆናል ለማለት ይውላል። «ማይ ሲስተር ኮንስቲቲዩትስ ኤ ዶክተር» ግን በየትም አገር አይባልም።

የባሰው ደግሞ ጽሑፉ ራሱ ከሞቱት ቃላት የቆጠራቸውን «ሲምስ»ንና «ሪሜይንስ»ን ሰንጠረዡ በ«ኢዝ» ቦታ እንድናስገባ መፍቀዱ ነው። እዚያ ላይ የሚለወጠው እውነቱ ራሱ ነው። «ዘ ዋተር ኢዝ ሴፍ» ውሃው ለመጠጥ ደህና ነው ማለት ነው። «ዘ ዋተር ሲምስ ሴፍ» ደህና ይመስላል ነው። የምርምር ወረቀት የሚጽፍ ሰው በእነዚህ መካከል ያለውን ርቀት በሚገባ ማወቅ አለበት፤ ያረጋገጠውን «ኢዝ»፣ የጠረጠረውን «ሲምስ» ማለት አለበት። ለማሳመር ብሎ ቢለዋውጣቸው አንባቢን አሳሳተ። «ሪሜይንስ» ደግሞ እስካሁን አልተለወጠም ማለት ነው። «ሂ ሪሜይንስ ማይ ብራዘር» ብትሉ እንግሊዛዊው ጓደኛችሁ «ምን ተጣላችሁ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ወንድሜ ነው ብቻ ለማለት ፈልጋችሁ፣ ያልነበረ ጸብ ተናገራችሁ።

እንደውም ጸሐፊው ሊንኪንግ ቨርቦችን በጅምላ ባያወግዙ ኖሮ ለተማሪ የሚሰጡት ትልቅ ሀብት ነበር። እንግሊዝኛ አንድ ነገር ወደ ሌላ ሁኔታ መለወጡን የሚናገርባቸው ሊንኪንግ ቨርቦች ብዙ ናቸው። እያንዳንዳቸውም የሚሄዱባቸውን ቃላት መርጠዋል። ወተቱ ኮመጠጠ ስንል «ዘ ሚልክ ተርንድ ሳወር» ነው። ዳቦው ሻገተ፣ «ዘ ብሬድ ወንት ሞልዲ»። ነጋዴው ከሰረ፣ «ሂ ወንት ባንክራፕት»። ዓይኑ ጠፋ፣ «ሂ ወንት ብላይንድ»። ሕልሜ እውን ሆነ፣ «ማይ ድሪም ኬም ትሩ»። አረጀች፣ «ሺ ግሩ ኦልድ»። አዳራሹ ጸጥ አለ፣ «ዘ ሆል ፌል ሳይለንት»።

እዩት እንግዲህ። እኛ በአንድ ግስ የምንጨርሰውን፣ ኮመጠጠ፣ ሻገተ፣ ከሰረ፣ አረጀ ብለን፣ እነሱ ሊንኪንግ ቨርብ ከቅጽል ጋር አጋብተው ይሉታል። «ወንት» ብዙ ጊዜ የሚመጣው ነገር ሲበላሽ ነው። «ግሩ» ቀስ በቀስ የሚሆን ለውጥ ይወዳል። «ኬም ትሩ» የሚባለው ለሕልም፣ ለምኞት፣ ለትንቢት ነው። ይህን የሚያውቅ ተማሪ እንግሊዝኛው ወዲያው ይለሰልሳል። «ዘ ሚልክ ትራንስፎርምድ ኢንቱ ኤ ሳወር ስቴት» ከሚል፣ «ተርንድ ሳወር» ይላል። ሁለት ቃል፣ ሁለቱም ተራ፣ ሁለቱም ትክክል።

አራተኛው ነጥብ ምሁራኑን የጠራ ነው። ጸሐፊው ያነሱት «ኢ-ፕራይም» የሚባለውን ሐሳብ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። አልፍሬድ ኮርዚብስኪ የሚባል በዋርሶ የተወለደና አሜሪካ የኖረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ በ«ኢዝ» አጠቃቀም ላይ ወቀሳ አቀረበ። የወቀሰው ሁለት አጠቃቀም ነበር፦ አንድን ነገር ከሌላ ነገር ጋር አንድ የሚያደርገውንና የራሳችንን ስሜት የነገሩ ባሕርይ አስመስሎ የሚያቀርበውን። «ይህ ሰው ሰነፍ ነው» ከማለት «ይህ ሰው ትናንት ሥራውን አልጨረሰም» ማለት ለእውነት ይቀርባል ነው ነገሩ። ኮርዚብስኪ በ1950 ሞተ። በ1965 ዴቪድ ቦርላንድ የተባለ ተከታዩ ሐሳቡን ገፍቶ «ቱ ቢ»ን፣ ማለትም «ኢዝ»፣ «አር»፣ «ዋዝ» የሚወጡበትን ግስ፣ ሙሉ በሙሉ ያስወገደ እንግሊዝኛ አቀረበ፤ «ኢ-ፕራይም» ያለውም እሱን ነው።

ይህ የሚያከብሩት ሐሳብ ነው። እኔም ሰው ላይ ለመፍረድ በቸኮልኩ ጊዜ የኮርዚብስኪ ጥያቄ ጠቅሞኛል። ግን ለጸሐፊው ክርክር ማስረጃ አይሆንም። አንደኛ፣ ዓላማው ጥርት አድርጎ ማሰብ እንጂ ጽሑፍ ማሳመር አልነበረም። ሁለተኛ፣ ኢ-ፕራይም የከለከለው «ቱ ቢ»ን ብቻ ነው፤ «ሲም»ን፣ «ቢካም»ን፣ «ሪሜይን»ን አልነካም። እነሱ ደግሞ በጸሐፊው የክስ መዝገብ ላይ አሉ። ሦስተኛ፣ «ጤፍ ሪፕሪዘንትስ ኤ ግሬይን» ያለ ሰው «ኢዝ»ን ቢያስወግድም ኮርዚብስኪ የፈራውን ብዥታ አልሸሸም፤ በሌላ ስም ጠራው እንጂ።

ስለ ፈተናው ብዙ አልልም። አይኤልትስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና የጽሑፍ ክፍሉ የሚታረመው በአራት መስፈርት ነው፤ ጥያቄውን መመለስ፣ የሐሳብ ፍሰት፣ የቃላት ሀብት፣ የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት። መስፈርቶቹ በይፋ ታትመው ማንም ሊያነባቸው ይችላል። ስለ «ኢዝ» ብዛት የሚል መስመር የላቸውም። ቃልን ያለቦታው ማስገባት ግን የቃላት ነጥባችሁን በቀጥታ ይነካል። 250 ቃል በ40 ደቂቃ ለመጻፍ የተቀመጠ ልጅ ሰዓቱን «ኢዝ» ሲያድን ማሳለፍ የለበትም።

የመጨረሻው ነጥባቸው እኛን የሚመለከተው ነው፤ እኔም ከሁሉ በላይ የምናገረው እዚህ ላይ አለኝ። «በአማርኛ ነው ነው ማለት ስለለመድን እንግሊዝኛችንም ኢዝ ኢዝ ይላል» ይላሉ።

በመጀመሪያ «ነው» እና «ኢዝ» ለጆሮ እኩል አይደሉም። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያደርጋል። ስለዚህ «ነው» ብዙ ጊዜ አራት ነጥቡ አጠገብ፣ ድምፅ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ይወድቃል። አምስት ዓረፍተ ነገር በተከታታይ «ነው» ካለ እንደ መዶሻ ይሰማል። የአማርኛ አርታኢ ያንን ቢለዋውጥ ትክክል ነው። «ኢዝ» ግን መሐል ላይ ናት፤ ድምፅ አያርፍባትም። ሲናገሩ እንደውም ይውጧታል፤ «ሺ ኢዝ» የሚለው «ሺዝ»፣ «ኢት ኢዝ» የሚለው «ኢትስ» ይሆናል። አማርኛ ላይ የሚያደክመንን ድግግሞሽ እንግሊዝኛ ላይ መፈለግ አንዱን ቋንቋ በሌላው ጆሮ መስማት ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ በብዙ ቦታ የእኛ ችግር የ«ኢዝ» መብዛት ሳይሆን መጥፋት ነው። ራበኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ እንላለን፤ ግስ ናቸው፣ «ነው» የላቸውም። እንግሊዝኛው ግን «አይ አም ሀንግሪ»፣ «አይ አም ኮልድ»፣ «አይ አም ታየርድ» ነው። ጀማሪ ተማሪ የሚታገለው «አም»ን ለመጨመር ነው። ጨምሮ ሲያበቃ «ሰርዛት» ብንለው «አይ ኤክስፒሪየንስ ሀንገር» ብሎ ይጽፋል። ማንም ተርቦ እንዲህ አይናገርም።

ታዲያ ከአማርኛ ይዘን የምንሄደው ነገር የለም? አለ። ጸሐፊው ሳያዩት ያለፉት እሱን ነው። አማርኛ አንድን የዓረፍተ ነገር ክፍል አጉልቶ ለማሳየት ነገሩን ሁለት ቦታ ይከፍለዋል። «ወዴት ትሄጃለሽ?» እያለ «ወዴት ነው የምትሄጂው?» እንላለን። «ለምን አልመጣህም?» እያለ «ለምንድን ነው ያልመጣኸው?» እንላለን። «ችግሩን የፈጠረው የውሃ እጥረት ነው።» «የተገናኘነው ማክሰኞ ነው።» ይህ ለእኛ የዕለት ተዕለት አነጋገር ነው፤ ውበትም አለው። እንግሊዝኛም ይችለዋል፤ ግን አልፎ አልፎ፣ አጥብቆ ሲፈልግ ብቻ። በንግግር የሚያጎላው በድምፅ ጫና ነው። እኛ ግን ልማዳችንን ይዘን እንገባና «ኢት ኢዝ ዘ ሾርቴጅ ኦቭ ዋተር ዛት ክሪኤትድ ዘ ፕሮብለም» እንላለን። ቀጥሎ «ኢት ዋዝ ኦን ቱስዴይ ዛት ዊ ሜት»። ቀጥሎ «ዘ ሪዝን አይ ዲድ ኖት ከም ኢዝ ቢኮዝ አይ ዋዝ ሲክ»፤ ይህ «ያልመጣሁት ስላመመኝ ነው» የሚለው አማርኛችን ነው፣ ቃል በቃል። አንድ ገጽ ላይ አሥር ሲደራረቡ አንባቢው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንደ ጩኸት ይሰማዋል። ሁሉም ከጎላ የጎላ ነገር የለም።

የዚህ ፈውስ «ኢዝ»ን በሌላ ቃል መተካት አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን መፍታት ነው። «ኤ ሾርቴጅ ኦቭ ዋተር ክሪኤትድ ዘ ፕሮብለም።» «ዊ ሜት ኦን ቱስዴይ።» «አይ ዲድ ኖት ከም ቢኮዝ አይ ዋዝ ሲክ።» የመጨረሻው ላይ «ዋዝ» አለች፣ ትኑር።

ሁለተኛው የ«ኢዝ» ማብዣ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የቢሮ እንግሊዝኛ በሙሉ የታመመበት ነው። እውነተኛውን ግስ ወደ ስም ቀይሮ መደበቅ። «ዘ ኮሚቲ ኢዝ ሪስፖንሲብል ፎር ዘ ኢቫልዌሽን ኦቭ አፕሊኬሽንስ።» ዘጠኝ ቃል ነው። በሰንጠረዡ መሠረት «ኢዝ»ን ብንቀይር «ዘ ኮሚቲ ሰርቭስ አዝ ዘ ቦዲ ሪስፖንሲብል ፎር ዘ ኢቫልዌሽን ኦቭ አፕሊኬሽንስ» ይሆናል፤ አሥራ ሁለት ቃል። ባሰበት። ኮሚቴው ምን ያደርጋል ብለን ብንጠይቅ ግን መልሱ «ኢቫልዌሽን» ውስጥ ተቀብሮ ተቀምጧል። እናውጣው፦ «ዘ ኮሚቲ ኢቫልዌትስ አፕሊኬሽንስ።» አራት ቃል። «ኢዝ» ማንም ሳያባርራት ሄደች፣ ሥራ ስላልነበራት።

ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። «ኢዝ» ስታዩ ሁለት ነገር ፈትሹ። ኋላዋ ስም የለበሰ ግስ ተደብቋል? «ኢት ኢዝ» ብላ ጀምራ «ዛት» ትከተላለች? ካለ ፍቱት። ከሌለ ተዉአት፣ አባት ገበሬ ነው።

ከልጅቷ ጋር ደብዳቤውን በዚህ መንገድ እንደገና ሠራነው። የመጀመሪያው መስመር «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ፋርመር» ሆነ። ከዚያ በሁለት ገጽ ውስጥ ሰባት «ኢት ኢዝ» እና «ኢት ዋዝ» አገኘን። ስድስቱን ፈታናቸው። ሰባተኛው ላይ ቆም አለች። «ኢት ዋዝ ማይ ፋዘር ሁ ቶት ሚ ቱ ካውንት» ይላል፤ መቁጠር ያስተማረኝ አባቴ ነው። «ጋሼ፣ ይህንንም ልፍታው?» አለችኝ። ማንን ማጉላት እንደፈለገች ጠየቅኳት። «አባቴን» አለች። ሳንነካው ተውነው።